የክበብ በጎ ፈቃደኞች ጉዞ፦ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ የሮተሪ ክበባችን 12 በጎ ፈቃደኞችን ወደ ሌላ አገር ሊልክ ነው፤ ችግረኛ ልጆች ለሚማሩበት ትምህርት ቤት ውኃ ማስገባትና መድኃኒት ማድረስ። ምን ይቅደም?

መልስ 1፦ በምትሄዱበት አገር ያለ አስተናጋጅ የሮተሪ ክበብ። ግሎባል ግራንት (የሮተሪ ፋውንዴሽን የፕሮጀክት ድጋፍ ገንዘብ) የሁለት አገር ክበቦች አብረው እንዲሠሩ ይጠይቃል፤ በጀቱም ከ30,000 ዶላር ማነስ የለበትም። ቧንቧውን እዚያው ግዙ፤ ከውጭ የመጣው ሲሰበር መለዋወጫ አይገኝለትም።

መልስ 2፦ ብዙዎች የሚሳሳቱት መድኃኒቱ ላይ ነው። ሲደርስ ቢያንስ 1 ዓመት የመጠቀሚያ ጊዜ ይቅረው። ዝርዝሩን የተቀባዩ አገር ጤና መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ያጽድቀው፤ አለዚያ ጉምሩክ ይይዘዋል። የቢጫ ወባ ክትባት ከተጠየቀ ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው።

መልስ 3፦ ከልጅ ጋር ለብቻው የሚቀር አዋቂ አይኑር፤ ያለ ወላጅ ፈቃድም ፎቶ አታንሡ። ከረሜላ ማደሉም ይቅር፣ ወዲያው ግፊያ ይሆናል።