በተዳፋት ቦታ ላይ የወለልና የመሬት ከፍታን በአርኪካድ ስለማስማማት

ጠያቂ፣ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ደሴ ውስጥ ከጦሳ ተራራ ግርጌ በሚገኝ 10 በ20 ሜትር ቦታ ላይ ለእናቴ የሚሠራውን ጂ+1 ቤት አርኪካድ በተባለው የሕንፃ መንደፊያ ፕሮግራም እየነደፍኩ ነው። ቦታው ከመንገዱ ጀምሮ ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል። የመሬቱን ቅርጽ ለማግኘት ከሳተላይት የተወሰደ የከፍታ መረጃ አውርጄ ባስገባ፣ ቤቱ ዜሮ ላይ ቀርቶ መሬቱ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቀለ። መሬቱን ወደ ታች ካወረድኩት በኋላ ደግሞ የግራውንዱን ወለል 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ለማድረግ የፎቁን ከፍታ ስቀይር መሬቱም አብሮት ይነሳል፤ ስለዚህ ቤቱ ምንጊዜም አፈር ውስጥ እንደተቀበረ ነው። በተጨማሪም ከወለል እስከ ወለል ብዬ የምሞላው 3.00 ሜትር ሶሌታውን (የኮንክሪቱን ወለል) ይጨምር እንደሆነ አልገባኝም። የምታውቁ ብታስረዱኝ ባለውለታችሁ ነኝ።

ቀያሽ፣ ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ አብሽር፤ የገጠመህ ነገር ብዙዎቻችንን የገጠመ ነው። መሬቱ 2,500 ሜትር ላይ የተሰቀለው መረጃው ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ ስለያዘ ነው፤ ደሴም በእርግጥ በዚያ ከፍታ አካባቢ ያለች ከተማ ናት። ቤትህ ግን የሚለካው አንተ ከመረጥከው ዜሮ ነው። የባሕር ወለሉን ከፍታ ማስቀመጥ ከፈለግህ በፕሮጀክቱ መገኛ ገጽ ላይ ጻፈው እንጂ የመሬቱን ነጥቦች በዚያ ቁጥር አትሙላ።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ የመረጃው ምንጭ ነው። በነጻ የሚገኘው፣ ኤስአርቲኤም የተባለው ከጠፈር የተለካ የከፍታ መረጃ በየ30 ሜትሩ አንድ ቁጥር የሚሰጥ ነው፤ አንዱ ሕዋስ፣ ማለትም አንድ ቁጥር የሚወክለው ካሬ፣ 900 ካሬ ሜትር ገደማ ሲሸፍን ያንተ ቦታ ግን 200 ካሬ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ግቢህ በሙሉ ከአንድ ሕዋስ ውስጥ ሊያርፍ ይችላል። በእንዲህ ያለ መረጃ የደሴን ሸለቆ ማየት ይቻላል፤ የአንድ ቤት የወለል ከፍታ ግን አይወሰንበትም። የስልክህ ጂፒኤስም በከፍታ ረገድ በሜትሮች ይሳሳታል። ሌቭል (የከፍታ ልዩነት መለኪያ መሣሪያ) ያለው ቀያሽ ለግማሽ ቀን አስመጣ፤ እርሱ ካልተገኘም ውሃ የተሞላ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ በትዕግሥት ከተያዘ ለዚህ ሥራ ይበቃል። በግንባታው ወቅት የማይነቃነቅ አንድ ነጥብ፣ ለምሳሌ የመንገዱን የድንጋይ ጠርዝ፣ 100.00 በልና ሌላውን ሁሉ ከእርሱ ለካ።

ጠያቂ፣ ከደሴ

እግዜር ይስጥልኝ። በሌቭል አስለካሁ። በመንገዱ በኩል ያለው ጠርዝ 100.00፣ የታችኛው ጥግ ደግሞ 97.60 ሆነ፤ ቁልቁለቱም እኩል በሚባል ሁኔታ ይወርዳል። ቤቱ ከመንገዱ 3 ሜትር ገባ ብሎ ይጀምርና 12 ሜትር ወደ ኋላ ይዘልቃል።

የንድፍ ባለሙያ፣ ከደሴ

መሬቱ ከወለሉ ጋር የሚነሳው ሜሹን፣ ማለትም የመሬቱን ቅርጽ የያዘውን አካል፣ በግራውንዱ ፎቅ ላይ ስለሳልከው ነው፤ በአርኪካድ እያንዳንዱ አካል ከተሳለበት ፎቅ ጋር ይጓዛል። ስለዚህ ቤቱን ለማንሳት አትድከም፤ የተጠናቀቀውን የግራውንድ ወለል ±0.00 ላይ አጽንተህ መሬቱን ዝቅ አድርገው። ለሜሹም በየነጥቡ ከተለካው ቁጥር የወለሉን ከፍታ ቀንሰህ ስጠው።

ወለሉ ከመንገዱ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል ካልን ±0.00 ማለት 100.30 ነው። እንግዲያው የመንገዱ ጠርዝ −0.30፣ ከቤቱ ጀርባ ያለው መሬት −2.10፣ የታችኛው ጥግም −2.70 ይሆናል። በሶሌታው ውፍረት 20 ሳንቲ ሜትር ተይዞ ከጀርባ በኩል ከስር የሚቀረው 1.90 ሜትር ነው፤ ይህ ለክፍል ያንሳል፣ በአፈር ሙሊት እንሸፍነው ቢባል ደግሞ ብዙ ወጪ ነው። ቆፍረህ የታችኛውን ወለል −2.80 ብታደርገው ከግቢው ዝቅተኛ ጥግ በታች ስለሚወርድ የክረምቱ ውሃ መውጫ ያጣል።

እኔ ብሆን ±0.00ን 100.50 ላይ አደርገዋለሁ። ያን ጊዜ የታችኛው ጥግ −2.90 ይሆናል፤ ከኋላ ያለውን 6 ሜትር ብቻ በ−2.80 ወለል ብትሠራበት 2.60 ሜትር ንጹህ ቁመት ያለው ክፍል ታገኛለህ፣ የጓሮውም ውሃ 10 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ይወጣል። በመንገዱ በኩል ሦስት ደረጃ ይበቃሃል። አፈር የሚገፋውን ግድግዳ ግን መሐንዲስ ያስላው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የተፈጥሮውን መሬትና ከቁፋሮ በኋላ የሚኖረውን በሁለት ሜሽ፣ በሁለት ሌየር (ለየብቻ ሊታይና ሊሰወር በሚችል ንብርብር) ያዝ። እንደ ቺፍ አርክቴክት ያሉ አንዳንድ ፕሮግራሞች በቤቱ ስር ያለውን መሬት ራሳቸው ደልድለው ያሳዩሃል፤ ምስሉ ያምራል፣ ነገር ግን የሚቆፈረውን አፈር ከዓይንህ ይሰውርብሃል።

ፎርማን፣ ከወልድያ

የንድፍ ባለሙያዋ ባሉት ሁሉ እስማማለሁ። ስለ 3.00 ሜትሩ እኔ ልመልስ። በአርኪካድ የምትሞላው ከአንዱ ፎቅ ከፍታ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ስለሆነ ሶሌታውም ሊሾውም በውስጡ ናቸው። ±0.00 የተጠናቀቀው ወለል ከሆነ የላይኛውም ፎቅ ከፍታ እስከ ሴራሚኩ ድረስ መቆጠር አለበት፤ ሊሾና ሴራሚክ 5 ሳንቲ ሜትር ቢይዙ፣ የሶሌታው አናት ከፎቁ ከፍታ በታች −0.05 ላይ ይቀመጣል።

ይህን አደባልቆ በተነደፈ አንድ ቤት ሠርቻለሁ። ግራውንዱ ላይ ቁጥሩ እስከ ሴራሚክ፣ ፎቁ ላይ ደግሞ እስከ ሶሌታ ብቻ ተቆጥሮ ስለነበር፣ ሥራው ሲጠናቀቅ የደረጃው የመጨረሻ እርከን ከሌሎቹ 5 ሳንቲ ሜትር በልጦ ተገኘ፤ የቤቱ ባለቤትም አሮጊት እናት ነበሩ። 3.00 ሜትር ለ18 እርከን ሲካፈል እያንዳንዱ 16.67 ሳንቲ ሜትር ይደርሰዋል። በኋላ ቁመቱን ወደ 3.20 ብትቀይረው በዚያው 18 እርከን 17.78 ይሆናል፤ ለእናትህ ጉልበት ስትል 19 አድርገውና ወደ 16.84 መልሰው። ደረጃውን ከመሳልህ በፊት ግን ቁመቱን ወስን፤ የወለል ከፍታ በተነካ ቁጥር እርከኑን ዳግመኛ ማስላት አለብህ።