ስጦታችን ዕዳ ሆነባቸው

ለወንጌል አገልግሎት ውጭ አገር ከወጣሁ 8 ወሬ ነው። አንድ የገጠር መንደር ውስጥ ማታ ማታ ማንበብና መጻፍ እናስተምራለን፤ ደብተርና እስክሪብቶ በነጻ ነው። ችግሩ፣ እዚህ ስጦታ ተቀብሎ አለመመለስ ነውር ነው። ተማሪዎቹ እሑድ ጸሎት ቤቱን ሲሞሉት ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ ብድር እየመለሱ ነው! አንዲት እናት ሦስት እንቁላል በጨርቅ ቋጥረው መጡና፣ «እሑድ አይመቸኝም፣ በምትኩ ይህን ውሰድ» አሉኝ። ኤፌሶን 2፥8 ላይ መዳን «የእግዚአብሔር ስጦታ» ነው ስል ምን እንደሚሰሙ አስቡት።

ደብተሩን በትንሽ ዋጋ ሸጥን፤ የቸገራቸው ቀሩ። «እሑድ መምጣት ግዴታ አይደለም» አልን፤ የተቀየምናቸው መሰላቸው። ትምህርቱን ሳናቋርጥ፣ እሑድን ከዚህ ዕዳ እንዴት እናላቅቀው?