ለ1/16 ሪሞት ታንክ የብረት ሰንሰለት ልግጠም? መጀመሪያ ምን ይጠንክር?

ጠባሴ16፦
ጤና ይስጥልኝ። ታንኩ ሄንግ ሎንግ የሚሠራው መጫወቻ ታይገር 1 ነው፣ መጠኑ የእውነተኛው ታንክ 1/16፤ ቀፎውም ሰንሰለቱም ፕላስቲክ፣ ባትሪው 7.4 ቮልት። የደብረ ብርሃን መረሬ ላይ ሰንሰለቱ ይዘላል፤ ቆሞ ሲዞር ደግሞ ይወልቃል። ከካምቢዮው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅም ይሰማል። የብረት ሰንሰለት ብቻ ብገጥም ይበቃል? ባትሪውን 11.1 ባደርገውስ?

ዳዶና ሮንዴላ፦
ሰንሰለቱን መጨረሻ ላይ አድርገው ወንድሜ። ብረቱ ከባድ ነው፤ ጭነቱን የሚቀበሉት የፊቱ ጥርስ (ሰንሰለቱን የሚጎትተው ባለ ጥርስ ጎማ)፣ ዘንጉና ካምቢዮው የታሰረባቸው የፕላስቲክ እግሮች ናቸው። እግሮቹ ሲለጠጡ ካምቢዮው ይንቀሳቀሳል፣ ዘንጉ ይጣመማል።

ድምፁን ለመለየት ሰንሰለቱን አውልቀህ በአየር ላይ አሽከርክረው። አሁንም ቀጭ ካለ የተበላው የካምቢዮ ጥርስ ነው። ጭነት ላይ ብቻ ከሆነ ወይ ካምቢዮው ከቦታው እየተነሳ ነው፣ ወይ ሰንሰለቱ ጥርሱ ላይ እየዘለለ።

እግሮቹን ለማጠንከር አሉሚኒየም በርና መስኮት ከሚሠሩት ቤት የ2 ሚሊ ላሜራ ቁራጭ ውሰድ። ብዙ ሰው ላሜራውን ካምቢዮው ስር ይከተዋል፤ ያኔ ዘንጉ 2 ሚሊ ከፍ ብሎ ከቀፎው ቀዳዳ ጋር ይሳሳታል። አንተ ከውጭ፣ በሆዱ በኩል አድርገው። በእግሮቹ መሃል በ3 ሚሊ ትራፓኖ ብሳና 3 ሚሊ ቡሎን፣ ሰፊ ሮንዴላና ናይሎን ያለው ዳዶ አስገባ። ዳዶውን ሮንዴላው እስኪነካ አጥብቀህ ሩብ ዙር ብቻ ጨምር፤ ከዚያ ካለፈ ፕላስቲኩ ይደቅቃል። በየመሃሉ ጥርሱን በእጅህ አዙር፤ ከከበደ ዘንጉ ተዛንፏል፣ ፈታ አድርገህ አስተካክል።

ፕላስቲክ አጠገብ የቡሎን ማጣበቂያ ፈሳሽ እንዳትጠቀም፤ ቀፎውን ይሰነጥቀዋል። ናይሎኑ ዳዶ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

የብረት ሰንሰለት ከገዛህ የፊት ጥርሱንና የኋላ መወጠሪያውን ጎማም በብረት ቀይር። ፕላስቲኩን ጥርስ ቶሎ ይበላዋል። ዘንጉ በኩሽኔታ ቢዞር ደግሞ የቀፎው ቀዳዳ አይሰፋም።

ሞላ ሰባሪ፦
11.1 ቮልቱን ተወው። ሲሞላ 12.6 ይደርሳል፤ የአንተ ቦርድና ዲናሞዎች ግን ለባለ ሁለት ሴል፣ ሲሞላ 8.4 ለሚሆን ባትሪ የተሠሩ ናቸው። ረጅም ጊዜ እንዲነዳ ከፈለግህ ቮልቱን ሳይሆን ሚሊ አምፒር ሰዓቱን (የባትሪውን አቅም) ጨምር። ደግሞ ደብረ ብርሃን፣ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ዲናሞው ቶሎ አይቀዘቅዝም። ጣትህ አምስት ሰከንድ መቆየት ካልቻለ አሳርፈው።

ባትሪው ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ከሆነ በሴል ከ3.2 ቮልት በታች አታውርደው። የታኅሣሥ ውርጭ ካደረበት፣ ቤት አስገብተህ ሳይሞቅ ቻርጀር ላይ አታድርገው፤ ከዜሮ በታች መሙላት ሴሉን ያበላሸዋል።

መረሬ፦
ዳዶና ሮንዴላ ጥሩ ብሏል፤ ግን ለጭቃው የብረት ሰንሰለት መድኃኒት አይደለም። መረሬ ጥርሱ መሃል ይጠቀጠቅና ሰንሰለቱን ከጥርሱ ላይ ያነሳዋል፤ ብረትም ፕላስቲክም ያው ነው። በክረምት ካልነዳህ ግማሹ ችግር ቀረ። ጭቃ ከገባ ሳይደርቅ በጥርስ ብሩሽ አውጣው፤ ከደረቀ እንደ ሸክላ ነው።

መወጠሩን በጣትህ ለካ፦ የላይኛውን መሃል ስትጫነው ከ5 እስከ 8 ሚሊ ይውረድ። ከላላ ሲዞር ይወልቃል፣ ከጠበቀ ዘንግና ካምቢዮ ይበላል። ቆሞ መዞር ከሁሉ የከፋ ጭነት ስለሆነ ትንሽ ወደፊት እያስኬድህ አዙረው። የብረቱን ፒኖችም ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ እይ፤ ወደ ውስጥ እየወጡ ቀፎውን ይፍቁታል።

ጠባሴ16፦
ለካ አንዱ የካምቢዮ እግር ተሰንጥቋል። ሱፐር ግሉ ይይዘዋል?

ዳዶና ሮንዴላ፦
አይይዝም፤ ደረቅ ስለሆነ በመንቀጥቀጥ ይለቃል። የዚያኑ ፕላስቲክ ስብርባሪ አሴቶን ውስጥ አሟሟና ማር ሲመስል ስንጥቁ ውስጥ አስገባ። አንድ ሙሉ ቀን ሳይነካ ይደር። ከዚያ ነው ቡሎኑ።