አስቸኳይ፦ ለቻይና አዲስ ዓመት እራት ተጠርቼ የግድግዳ ሰዓት ገዛሁ

የመርካቶ ልጅ፦
ወገን ድረሱልኝ! ጓንዡ ነኝ። ጨርቅ የሚያቀርብልኝ ሰው ዋዜማውን ብቻዬን እንዳላሳልፍ ብሎ ለዛሬ ማታ ቤቱ ጠራኝ። ደስ ብሎኝ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ገዛሁ። የእንግዳ ማረፊያው ልጅ ስታየው ፊቷ ጥቁር አለ። በእጇ "እንዳትሰጥ" አለችኝ። ምን አጠፋሁ? ደግሞ ዛሬ የካቲት 9 ነው፣ ሁዳዴ ገብቷል። እራቱ ሊደርስ ነው።

ብዙ አገር ያየ፦
ወንድሜ፣ ሰው ቤት ከመሄድ በፊት ይጠየቃል። ይህ ትልቁ በዓላቸው ነው። ቀኑ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ይለዋወጣል። ነገ የፈረስ ዓመት ይገባል። ጉራጌ ለመስቀል አገሩ እንደሚገባው ሁሉ እነሱም ከያሉበት ወላጆቻቸው ቤት ይሰበሰባሉ። በዚህ ማዕድ መጠራት ትልቅ ክብር ነው።

ሻይ ቅጠል፦
ሰዓቱን ተወው! በቻይንኛ "ሰዓት መስጠት" ሲሉት "ሟች መሸኘት" ከሚለው ጋር ድምፁ አንድ ነው። መርዶ ይዘህ እንደመግባት ይቆጠራል። መንደሪን ግዛ፣ ቁጥሩ ተጋማሽ ይሁን። አራት ግን አይሁን፣ "ሞት" ከሚለው ጋር ይመሳሰላል። በሁለት እጅህ ስጥ።

አቤል 21፦
መንደሪን! ሰዓት በፍጹም!

መንገደኛው፦
እኔ ጾሙ ነው ያልገባኝ። መንገደኛ አይደለህ? እንግዳ የቀረበለትን ይበላል።

የማርያም ልጅ፦
እሱን ለንስሐ አባቱ ተዉለት። የመርካቶ ልጅ፣ እኔ ስድስት ዓመት እዚያ ኖሬአለሁ። "ዎ ቺ ሱ" በል፣ ሥጋ አልበላም ማለት ነው። የቡድሃ ተከታዮችም ስለሚሉት ማንም አይቀየምህም። ግን ገበታው ላይ ሳይሆን አሁኑኑ በዊቻት ጻፍለት። ሴትዮዋ ደክማ ከሠራች በኋላ ብትነግራት ታዝናለች። እንቁላልም ጨምረህ ጥቀስ። አትክልቱ ላይ ከባሕር እንስሳ የሚሠራ የኦይስተር ሶስ ስለሚያፈሱ ያለሱ ይሥሩልህ። ዓሣው ከነጭንቅላቱ ሙሉውን ይቀርባል። እስከ መጨረሻው አይበላም፣ ዓመቱ እንዲተርፍ ሆን ብለው ያስተርፉታል። ቾፕስቲክህን፣ መብያ እንጨቶቹን ማለቴ ነው፣ ሩዙ ላይ አታቁም፣ ለሙታን የሚጨስ ዕጣን ይመስላል።

አቤል 21፦
ዓሣ በሁዳዴ ይበላል እንዴ?

ብዙ አገር ያየ፦
አይበላም።

መንገደኛው፦
የሚበላ አለ።

የመርካቶ ልጅ፦
ጻፍኩለት! "ቶፉ አለ፣ ና ብቻ" አለኝ፤ ቶፉ ከአኩሪ አተር የሚሠራ ነው። ስምንት መንደሪን ያዝኩ። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት፣ ለእነሱስ?

ሻይ ቅጠል፦
ቀይ ፖስታ። በየፖስታው አዲስ 20 ዩዋን ክተት፣ ጓንዡ ውስጥ ትንሹም ያስደስታል። መንደሪኑ ቅጠል ካለው አትቀንጥሰው።

የማርያም ልጅ፦
እንዴት አመሸህ? ዓሣውን ምን አልካቸው?