የሰደድ እሳት ቡድን መሠረታዊ ስልጠና፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክለው

ሰብሳቢው፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ከረማችሁ? ለመጪው ዓመት የምናስገባው ፕሮፖዛል ረቂቅ ይኸውላችሁ።

ጦሳ ወይም ዮጎፍ ተራራ ላይ እሳት ቢነሳ መጀመሪያ የሚደርሰው የሠፈሩ ሰው ነው። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ሲቃጠል ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ እሳት አጥፊዎች ከእስራኤል መጥተው ነበር። እነሱ እስኪደርሱ ግን ከእሳቱ ጋር ሲታገል የከረመው የዚያው አካባቢ ሕዝብ ነው። እኛ ጋም ከዚህ የተለየ አይሆንም።

ስለዚህ 40 ሰው እናሰልጥን ብያለሁ፤ 20 ከደሴ፣ 20 ከኮምቦልቻ። ታኅሣሥ ላይ፣ ለ3 ቀን፣ አዳራሽ ተከራይተን። ከበጀቱ ግማሽ ያህሉን ለውሃ መግፊያ ሞተር፣ ለጎማና ለደንብ ልብስ መድቤዋለሁ። እስከ ጳጉሜን 3 ማስገባት አለብን። በሉ ሐሳብ ስጡበት።

የቀድሞው የደን ጠባቂ፦
ልጄ፣ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ሞተሩን ግን አውጣው። ጦሳ ወገብ ላይ ውሃ ከየት ታመጣለህ? መኪናስ በየት በኩል ይወጣል? እንዲህ ያለ ዳገት ላይ እሳት የሚቆመው በዶማና በአካፋ ነው። ከፊቱ ያለውን ሣር፣ ቅጠልና ቁጥቋጦ ትጠርጋለህ። ሥሩን ትቆርጣለህ። ባዶ አፈር እስኪታይ ድረስ ትፍቃለህ። የሚበላው ሲያጣ ይቆማል። መቆፈሩን ገበሬው ከእኛ በላይ ያውቅበታል። መማር ያለበት የት እንደሚቆፈር ነው።

አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ከሠፈራችን በላይ ያለው ባሕር ዛፍ ተያያዘ። ሁላችንም ቅጠል ቆርጠን ሮጥን። ከእሳቱ በላይ ወጥተን ቆምን፤ ወደ ታች ልንመታው። «ተው፣ ውረዱ» የሚል አንድ ሰው አልነበረም። አለቃ የለንማ። እሳት ደግሞ ዳገት ይወዳል። ነበልባሉ ወደ ላይ ስለሚያዘነብል ገና ያልደረሰበትን ሣር ቀድሞ ያደርቀዋል። ዳገቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ በግምት እጥፍ ይሆናል። ቀን ቀን ነፋሱም ሽቅብ ነው የሚነፍሰው፤ ማታ ነው ወደ ታች የሚመለሰው። ወላፈኑ ፊታችንን ሲገርፈን ነው የነቃነው። በጎን በኩል አስቀድሞ ተቃጥሎ የጠቆረ መሬት ባይኖር ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍላችሁም ነበር። የጠቆረው ላይ የሚነድ የለምና እዚያ ገብተን ተረፍን።

እናም የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያ ትምህርት እንዴት መውጣት እንደሚቻል ይሁን። ዶማ ከመነሳቱ በፊት አራት ነገር ይሟላ፦ እሳቱን ከሩቅ የሚያይ ቃፊር፣ ከእሱ ጋር መገናኛ፣ መውጫ መንገድ፣ መጠለያ ቦታ። አንዱ ከጎደለ ማንም አይጠጋም።

ከኮምቦልቻ አንድ ወጣት አባል፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር እንኳን አተረፈዎ። እኔ የ3 ቀኑ ነገር አልተዋጠልኝም። አዳራሽ ተቀምጦ ዳገት አይለመድም። በኔ ሐሳብ 5 ቀን ይሁን፤ አንድ ቀን ተኩል ብቻ ክፍል ውስጥ፣ የቀረው ሜዳ ላይ።

አቅምም መታየት አለበት። አሜሪካ ውስጥ ለደን እሳት ግንባር የሚሄድ ሰው 20 ኪሎ ገደማ ተሸክሞ 4.8 ኪሎ ሜትሩን በ45 ደቂቃ በእግሩ መጨረስ አለበት። መሮጥ ክልክል ነው። ከፍታ ላይ ለሚፈተን ሰው ትንሽ ጊዜ ይጨምሩለታል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እኛ ኮምቦልቻዎች በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ስለምንል ጦሳ ላይ ቶሎ እናለከልካለን፤ ስለዚህ ፈተናው ደሴ ይሁን። ብቻ ሐረጎ መንገድ ላይ እንዳይሆን አደራ፣ የጭነት መኪናው ብዛት ሌላ አደጋ ነው። ፈተናውን ያላለፈ ሰው አይባረር። ውሃ የሚያቀርብ፣ ስልክ የሚይዝ፣ ስም የሚመዘግብም ያስፈልገናል።

ነርሷ አባላችን፦
ስለ ደንብ ልብሱ። እባካችሁ ፖሊስተር እንዳትገዙ። ናይሎንና ፖሊስተር ሲሞቅ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ ቁስሉን አክመን አንዘልቀውም። ወፍራም የጥጥ ሸሚዝ እጅጌው ረጅም የሆነ፣ ጂንስ ሱሪ፣ የቆዳ ጫማ ይበቃል። የፕላስቲክ ጫማ ያደረገ ሰው እሳቱ ጋ አይጠጋ። ገንዘቡ ከጎደለ ከሸሚዙ በፊት ጫማና የቆዳ ጓንት ይገዛ።

ሁለተኛ፣ ግማሽ ቀን ለመጀመሪያ እርዳታ ስጡኝ። የተቃጠለ ሰው ወደ እኛ ሲመጣ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና ተለቅልቆ ነው። ያ ሙቀቱን ውስጥ ያፍነዋል፣ ቁስሉንም ያመረቅዘዋል። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ፣ ቀለበትና ሰዓት ቶሎ ማውለቅ፣ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ ይዞ መምጣት፤ ይኸው ነው። በረዶም አይደረግበት። የጭሱን ነገር ደግሞ አትናቁት። ራሱን ያመመው፣ የሚዘባርቅ ወይም እግሩ የሚብረከረክ ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም ከጭሱ ይውጣ። በሥራ ላይ ለአንድ ሰው በሰዓት 1 ሊትር ያህል ውሃ አስቡ። ለ40 ሰው ስንት ጀሪካን እንደሆነ ገንዘብ ያዣችን ያስላው።

ከዮጎፍ ሥር ያለች አባል፦
እኔ ስለ ጊዜው ነው። ረቂቁ «ታኅሣሥ» ይላል። ታኅሣሥ ላይ ገበሬው አውድማ ላይ ነው፤ ማን ይመጣል? ደግሞ ያኔ ሣሩ ደርቋል። ኅዳር 12ን አስቡት። የ1911ዱ የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነው እየተባለ በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል። ዳገት ሥር ላለ ሠፈር አንድ ፍንጣሪ ይበቃል። ማር ቆረጣውም ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው፤ ችቦ ይዞ ጫካ የሚገባ አለ። ስለዚህ ስልጠናው በጥቅምት አጋማሽ ይጠናቀቅ። አርብ ለጁምዓ ከ5 ሰዓት በኋላ ነፃ ይሁን፤ እሑድ ጭራሽ አይነካ።

ሌላው፣ ከ40ው ሴቶች ስንት እንደሆንን አልተጻፈም። ቀን ሠፈር ውስጥ የምንገኘው እኛ ነን። ጭሱንም ቀድመን የምናየው እኛው ነን። ቢያንስ 15 ይሁን።

ገንዘብ ያዡ፦
ሞተሩና ጎማው ከወጡ ለጫማ፣ ለጓንት፣ ለ5 ቀን ምሳና ለውሃ ይበቃናል። አበልን በተመለከተ የውሎ ብቻ እንስጥ፤ ለአበል ሲል የሚመዘገብ እንዳይበዛ። የሰብል መርጫ በጀርባ የሚታዘለውን 10 መግዛት እንችላለን።

የቀድሞው የደን ጠባቂ፦
መርጫው ጥሩ ነው፣ ግን አዲስ ይሁን። ኬሚካል የነበረበትን አትዋሱ። የሚጠቅመውም መጨረሻ ላይ ነው፣ ለማቀዝቀዝ። ያን ጊዜ የነገርኳችሁ እሳት በማግስቱ ተመልሶ ተነስቷል። ጉቶ ውስጥ ፍም ቀርቶ ነው። ጽድና ወይራ ውስጥ ውስጡን ሲበላው ያድራል። ማጥፋቱን የሚያረጋግጠው እጅ ነው። ጓንትህን አውልቀህ የእጅህን ጀርባ መጀመሪያ ጠጋ ታደርጋለህ፣ ሙቀት ከሌለው ትነካዋለህ። ሞቅ ካለ ገልብጠህ፣ አፈርና ውሃ ቀላቅለህ እንደገና። ለዚህ አንድ ሙሉ ቀን ስጡት። ማንም የማይወደው ሥራ ነው፣ ሰው ደክሞት ቤቱ መሄድ የሚፈልገው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ቀን ደግሞ እውነተኛ እሳት ይዩ።

ሰብሳቢው፦
ጋሼ፣ እውነተኛው እሳት ያስፈራኛል። ከእጃችን ቢወጣስ? ከግብርና ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ፈቃድ ካገኘን፣ ባዶ ሜዳ ላይ፣ ዙሪያው አስቀድሞ ተቆፍሮ፣ ጠዋት በ1 ሰዓት ነፋስ ሳይነሳ፣ የአንድ ሸክም ሣር ያህል ብቻ እሺ እላለሁ።

እስካሁን የተስማማንበት፦ 5 ቀን በጥቅምት አጋማሽ፤ 40 ሰው፣ ቢያንስ 15 ሴቶች፤ ሞተር የለም። ለ5 ለ5 ሰው አንድ ቡድን መሪ፤ ከ5 በላይ ዳገት ላይ መቆጣጠር አይቻልም። የመውጫውን ትምህርት ጋሼ ይጻፉልን፣ የእርዳታውን እህታችን። የኮምቦልቻው ወንድማችን የአቅም መለኪያውን። ኔትዎርክ የሚጠፋበት ቦታ ስላለ ለእያንዳንዱ ሰው ፊሽካ ጨምሬያለሁ።

ከዮጎፍ ሥር ያለችው አባል፦
ፊሽካው ምን ማለት እንደሆነም ይጻፍ። ሦስት ጊዜ ሲነፋ ሁሉም ዶማውን ይዞ ይወጣል። ማንም ይንፋው፣ «ለምን ነፋህ?» ተብሎ አይጠየቅ።

ሰብሳቢው፦
ገብቷል።