የኮሌስትሮል መድኃኒትና የአባቴ እግር መደንዘዝ፦ ማብራሪያ እሻለሁ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከባሕር ዳር ሲሆን፣ ዘጌ የሚኖሩት አባቴ የስኳር ሕመምተኛ በመሆናቸው ለስኳሩ ሜትፎርሚን፣ ለኮሌስትሮሉ ደግሞ ስታቲን ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን አቶርቫስታቲን መውሰድ ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። አሁን ግን እግራቸው ከመደንዘዙ የተነሣ አንዱ ጫማቸው ወልቆ ቢቀር እንኳ ሳይታወቃቸው በጠጠር ላይ ይራመዳሉ፤ ሌሊት ደግሞ ውስጥ እግራቸውን ያቃጥላቸዋል። አንድ ዘመድ «ነርቭ የሚሠራው ከኮሌስትሮል ስለሆነ ይተዉት» ካላቸው ወዲህ አቶርቫስታቲኑን አልውጥም ብለዋል።

አባባሉ ጨርሶ መሠረት የሌለው ስላልሆነ የምመልሰው አጣሁ። የነርቭን ክር የሚሸፍነው ማየሊን በእርግጥም በኮሌስትሮል የበለጸገ ነው፤ ነርቭ ሲጎዳም የፈራረሰውን ሽፋን ማክሮፋጆች የሚባሉ ፍርስራሽ የሚውጡ የመከላከያ ሕዋሳት ያጸዱታል፣ ከዚያ የተገኘው ኮሌስትሮልም አፖሊፖፕሮቲን ኢ በሚባል ተሸካሚ አማካይነት ለጥገናው ተመልሶ ይውላል። በሌላ በኩል ማየሊኑን የሚሠሩት የሽዋን ሕዋሳት ኮሌስትሮልን ራሳቸው ስለሚያመርቱ፣ በደም ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል መቀነስ ብቻውን ጥገናውን ያጓድላል ለማለት ይቸግረኛል። ይሁን እንጂ ስታቲን የሚያግደው ያንኑ የማምረቻ ሂደት መሆኑ ጥርጣሬ ላይ ጥሎኛል።

የነርቭ ወይም የስኳር ሕክምና ዕውቀት ያላችሁ እባካችሁ አስረዱኝ፦ በተለመደው መጠን የሚወሰድ ስታቲን የእግር ነርቭ እንዳያገግም ያደርጋል? ለልብና ለደም ሥር ተብሎ የታዘዘን መድኃኒት በዘመድ ምክር ማቋረጣቸው እጅግ አሳስቦኛል። ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ሊቀንስ፣ እጥረቱም ነርቭን ሊጎዳ እንደሚችል አንብቤአለሁ፤ አባቴ ደግሞ አንድም ጾም የማያጓድሉ፣ ሥጋና ወተት እምብዛም የማይቀምሱ ሰው ናቸው። ታዲያ ስታቲኑን ከመወንጀል በፊት ሐኪማቸውን የትኛውን ምርመራ እንዲያዝላቸው ልጠይቅ?