ለባዶው ቦታ የጋራ ጓሮ፦ ረቂቅ ዕቅዱ ላይ እንነጋገር

ጸሐፊዋ፦
ጎረቤቶች፣ እንዴት ናችሁ? ባዶው ቦታ ላይ የአትክልት ጓሮ ለመጀመር ያሰብነው ረቂቅ ይኸው። ቦታው 15 በ20 ሜትር ነው። 20 መደብ ይወጣዋል፤ አንዱ መደብ 1.2 በ3 ሜትር። አንድ ቤት አንድ መደብ ይይዛል። በሚቀጥለው ወር ቆፍረን ዘር እንጥላለን። የሚስተካከለውን ንገሩኝና ለባለቤቱ በአንድ ድምፅ እናቅርብ።

ጡረታ የወጣው መካኒክ፦
ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። «ቆፍረን» የምትለዋን ግን ሰርዣት። እዚያ ጋራዥ ነበር፤ እኔ ራሴ ሠርቼበታለሁ። የተቃጠለ ዘይት የምንደፋው መሬት ላይ ነው። አሮጌ ባትሪም እዚያው እንሰብር ነበር፤ ያኔ ማን አሰበው! ትናንት ጥጉን በሚስማር ጫር ጫር አደረግኩት። አንድ ጣት እንኳ ሳልወርድ ጥቁር፣ ዘይት ዘይት የሚል አፈር ወጣ።

ነርሷ፦
ጋሼ፣ እንኳን ነገሩን። የባትሪው ሆድ እርሳስ ነው፤ የሚጻፍበትን ሳይሆን ብረቱን፣ ሊድ የሚሉትን ማለቴ ነው። አፈር ውስጥ ከገባ ዓመታት ቢያልፉም በስብሶ አይጠፋም። የሚያሳስቡኝ ሕፃናት ናቸው። አፈር የነካ እጃቸውን አፋቸው ውስጥ ይከታሉ፤ ሊድ ደግሞ በማደግ ላይ ያለን አእምሮ ይጎዳል። ሰላጣና ካሮትም አፈር ይዘው ስለሚወጡ ከቲማቲም ይልቅ ያሰጋሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ላብራቶሪ። ናሙናው ከብዙ ቦታ ተወስዶ ይደባለቅ፤ የጋራዡ ጥግ ግን ለብቻው ይሁን። ከሌላው ጋር ከተደባለቀ ጉዱ ይሸፈናል። የሊድ ምርመራ ዘይትን ስለማያሳይ የዘይቱንም ለይተን እንጠይቅ።

ሦስተኛ ፎቅ ያለው ተከራይ፦
ውጤቱ ደህና ከሆነ እንኳ ከመሬት ከፍ ያለ መደብ ብንሠራ ይሻላል። ከሥር ጨርቅ አንጥፈን በ30 ሳንቲሜትር ሣጥን ንጹሕ አፈር እንሙላ። ወርዱ 1.2 መሆኑ ጥሩ ነው፤ መሃሉን ከሁለቱም በኩል ሳይረግጡ ይደርሱበታል። መንገዱ ደግሞ ከ90 ሳንቲሜትር አይነስ፣ ተሽከርካሪ ወንበርም ጋሪም ይለፍበት።
ግን ሒሳቡን እዩት። አንድ መደብ ከ1 ሜትር ኩብ በላይ አፈር ይበላል። ለ20ው ከ21 በላይ ነው። እኔ ጉልበት አለኝ፣ ይሄን ያህል ግን የለኝም! በ8 መደብ ብንጀምርስ?

የጥግ ቤቷ እናት፦
እኔም «8 ይበቃል» ልል ነበር፣ በውሃው ምክንያት። ስለ ዘሩ ሁሉም ያወራል፣ ስለ ውሃው ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ዝናብ በሌለበት ሳምንት አትክልት በካሬ ሜትር 25 ሊትር አካባቢ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ መደብ 90 ሊትር፣ 20ው 1800 ሊትር። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 90 ጊዜ ማለት ነው፣ በየሳምንቱ! ቦታው ላይ ቧንቧ የለም። መጀመሪያው ሳምንት ላይ ሁሉም እየሳቀ ይሸከማል፤ በሁለተኛው ወር ጀሪካኑ እኔና አንዲት ጎረቤት ላይ ይወድቃል። አውቀዋለሁ።
በ8 መደብ 36 ጀሪካን ነው። እሱም ቢሆን ከአጥሩ ወዲህ ካለው ጣሪያ ላይ የዝናብ ውሃ በሮቶ ብናጠራቅም ይቀንሳል። 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊሜትር ቢዘንብ፣ የሚባክነው ሳይቀነስ 600 ሊትር ነው። መደቡን ደግሞ በደረቅ ሣር እንሸፍነው፤ እርጥበቱ ቶሎ አይሄድም። ተረኞቹም ስማቸው ተጽፎ ይለጠፍ። «ሁላችንም እናጠጣለን» ከሆነማ ማንም አያጠጣም።

ተከራዩ፦
እትዬ፣ ተረታሁ። ማክሰኞና ዓርብ የእኔ ይሁን።

የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ፦
ዋናው ግን ውሉ ነው። ባለቤቱ በቃል «ይሁን» ብሏል። በቃል የተሰጠ ቦታ ግን በቃል ይወሰዳል። በእ.ኤ.አ. 1999 የኒውዮርክ ከተማ አስተዳደር ነዋሪዎች ያለሙባቸውን ከ100 በላይ ጓሮዎች ለጨረታ ሊያወጣ ነበር። የተረፉት ለትርፍ የማይሠሩ ሁለት ድርጅቶች ስለገዟቸው ነው። እኛን ማን ይገዛልናል? ቢያንስ የ3 ዓመት ውል በጽሑፍ እንጠይቅ። ቦታውን ከፈለገውም ሰብሉ እስኪነሳ ይታገሠን። ገንዘብ የማወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጸሐፊዋ፦
ሁሉንም ይዣለሁ። እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «ቦታው መጀመሪያ ይመረመራል። ውጤቱ ከፈቀደና ውሉ ከተፈረመ በኋላ፣ ከመሬት ከፍ ያሉ 8 መደቦች ይሠራሉ። ሮቶውና የማጠጫ ተራው ሳይዘጋጁ ዘር አይገዛም።» የቀሩት 12 መደቦች አንድ ወቅት ካለፈ በኋላ ይታያሉ። መደብ ለማን ይድረስ በሚለው አልተስማማንም። ዕጣ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የማጠጫ ተራ ለወሰደ ይሰጥ ባይ ነኝ።
ቅዳሜ ጠዋት ናሙና እንወስዳለን። አካፋ ያለው አጥቦ ይዞ ይምጣ። ጋሼ፣ እርስዎም አይቅሩብን፤ ባትሪ የምትሰብሩበትን ቦታ የሚያሳየን ሌላ ሰው የለም።